ፖርሽ በስተርጅና ያገኘው የሳፋሪ ዋንጫ

ሮጀ ሚላ በ42 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ላይ ግብ ሲያስቆጥር የኳስ አፍቃሪው ጉድ ብሏል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ የተካሄደውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ራሊ ያሸነፈው ሰው ግን 68 ዓመት ሞልቶት ነበር። ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጋርድ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት ደግሞ የገዛ ልጁ ማቲያስ። መኪናውም ቢሆን ጎረምሳ አይደለም። ውድድሩ የሚያስገባው የድሮ መኪና ብቻ ስለሆነ አባትና ልጅ ይዘው የቀረቡት ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ ፖርሽ 911 ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ የስፖርት ወዳጅ ‹‹ይሄማ የሀብታም ሽማግሌዎች ሽርሽር እንጂ ውድድር አይደለም›› ይላል። የቀድሞ ተጫዋቾች ገቢ ለማሰባሰብ ከሚያደርጉት የአንጋፋዎች ጨዋታ ለይቶ አያየውም። ሆድ የገፋበት፣ ኳሷ የምትሳትበት፣ ተመልካቹ እየሳቀ የሚወጣበት ጨዋታ ማለት ነው። ንጽጽሩ ግን አያስኬድም። አንጋፋ ተጫዋች የ20 ዓመት ጉልበቱን ማንም አይመልስለትም። አሮጌ መኪና ግን እስከ አጥንቱ ተፈትቶ፣ የቱ ብረት የት ላይ እንደከዳ ታውቆ እንደገና ሊሠራ ይችላል። የክላሲክ ራሊ ትልቁ ቁም ነገርም ያለው የመነሻው ባንዲራ ከመውለብለቡ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ፖርሽና ሳፋሪ ደግሞ የቆየ ቂም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ሞንቴ ካርሎን በ911 ያሸነፈው ዋልደጋርድ በ1974 ያንኑ ዓይነት መኪና ይዞ ናይሮቢ ሲገባ ዋንጫው የእሱ መስሎ ነበር። ሲመራም ቆየ። በመጨረሻ መኪናው ከሥሩ ተጎዳበትና ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው ማን መሰላችሁ? ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ነው፤ ያውም ሞተሯ 1600 ሲሲ በሆነች ሚትሱቢሺ ላንሰር! ጆጊንደር ከመሪው በፊት መፍቻ የጨበጠ፣ በሙያው ሜካኒክ የሆነ ሰው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በ1978 ፖርሽ ለበቀል ተመለሰ። ፋብሪካው ሁለት 911 ኤስሲ መኪኖችን ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ሆዳቸውን በብረት ሸፍኖ ላከ። ኬንያዊው ቪክ ፕሬስተን ጁኒየር ሁለተኛ፣ ዋልደጋርድ አራተኛ ሆኑ። ዋንጫውን ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ኒኮላ በፔጆ 504 ይዞት ሄደ። ሌ ማንን ያንበረከከው ኩባንያ የአፍሪካን ጭቃና ድንጋይ ሳይረታ ቀረ ማለት ነው።

የሚያስቀው ነገር የፖርሽ የሥጋ ዘመድ፣ የአዲስ አበባ ሰው ‹‹ቮልስ›› እያለ የሚያቆላምጣት ቮልስዋገን፣ ይህንኑ ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፋ መጨረሷ ነው። የ1954ቱ ሾፌር ቪክ ፕሬስተን ሲሆን በ1978 በፖርሽ ሁለተኛ የወጣው ጁኒየር የእሱ ልጅ ነው። አባት በርካሿ ያገኘውን ልጅ በውዱ አጣው። ሁለቱም መኪኖች ሞተራቸው ከኋላ፣ ማቀዝቀዣቸው አየር ነው። ራዲያተር የላቸውም፤ ድንጋይ ቢመታቸው የሚፈስ ውኃ የለም። ክብደቱ የሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃ ውስጥ ይቆነጥጣሉ። ታዲያ ቮልስ የቻለችውን 911 ለምን አቃተው? ፍጥነት ነዋ! ቮልስ ጉድጓዱ ውስጥ ቀስ ብላ ትገባለች፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። ፖርሽ ግን በሙሉ ፍጥነት ይገባበታል፤ ሒሳቡን የሚከፍሉት ጎማውን ከአካሉ ጋር ያያያዙት ክንዶች ናቸው።

እንግዲህ ለክላሲኩ የሚዘጋጅ 911 ላይ የሚሠራው ሥራ ይህን ሒሳብ ማስታረቅ ነው። መጀመሪያ መኪናው ላሜራው ብቻ እስኪቀር ይራቆታል። ፋብሪካው ነጥብ በነጥብ የበየደው መጋጠሚያ በሙሉ ከጫፍ ጫፍ ይበየዳል። ሞላና አሞርዛተር የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ላይ ተጨማሪ ብረት ይለጠፋል፤ ውስጡ የብረት ቀፎ ይገባለታል። ከሞተሩና ከካምቢዮው ሥር ወፍራም ጋሻ ይነጠፋል፤ ምክንያቱም አንዲት ድንጋይ ኮፓውን ከበሳችው ዘይቱ ፈሶ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቃል። (የእኛ ጋራዦች ኮፓ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ እያሉ በጣሊያን አፍ መነጋገራቸው ጀርመን ሠራሹ መኪና ላይም አልቀረም።)

ከዚያ ከፍታው ይመጣል። መኪናን ማንሳት ቀላል ይመስላል፤ 911 ላይ ግን መዘዝ አለው። አካሉ ከፍ ባለ ቁጥር ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች አቅጣጫቸው ይሾላል፤ መጋጠሚያዎቻቸው ይግላሉ፣ ይበላሉ። ክብደቱም ወደ ላይ ይወጣል። ኋላው የከበደ መኪና ደግሞ ኩርባ ላይ ጭራውን መወርወር ይወዳል። ስለዚህ ጥሩ አዘጋጅ የሚፈልገው ትልቁን ከፍታ ሳይሆን ዘንጎቹ የሚችሉትን ከፍታ ነው። ጎማውም ሰፊ አይሆንም፤ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ የደነደነ ጎማ ነው የሚመረጠው። ሞተሩም ቢሆን የመጨረሻዋ የፈረስ ጉልበት እስክትወጣ አይጨመቅም። አቧራ የሚያጣራው ፊልትሮ ይጠናከራል፤ ከታች ጀምሮ የሚጎትት፣ ሙቀትና ደካማ ቤንዚን የማያስቆመው ሞተር ይበቃል። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለሚፈጅ ውድድር አንድ ደቂቃ ከመፍጠን አንድ ሰዓት አለመቆም ይሻላል።

እንግሊዝ አገር የሚገኘው የተትሂል ጋራዥ የዋልደጋርድን መኪና ያዘጋጀው በዚህ አስተሳሰብ ነው። አዛውንቱም ሳፋሪን በወጣትነቱ ተሸንፎበት፣ ኋላም በ1977፣ በ1984፣ በ1986 እና በ1990 በሌሎች መኪኖች አራት ጊዜ አሸንፎት የት ላይ እግሩን ማንሳት እንዳለበት ያውቃል። በ2007 ክላሲኩን በፎርድ ኤስኮርት ወስዶታል። በ1974 ከእጁ ያመለጠችውን የፖርሽ ድል ያገኘው ግን ከ37 ዓመት በኋላ ነው። የፋብሪካው መሐንዲሶች ያልቻሉትን አንድ ጋራዥና አንድ ጡረተኛ ቻሉት። ይሄ ድል ካልሆነ ምን ድል ይሆናል?

ከተቺዎቹ ክርክር ውስጥ ግን የሚያዝ አለ። ነገሩ ገንዘብ ይፈልጋል። በ2015 የ1984ቱ የዓለም ሻምፒዮን ስቲግ ብሎምክቪስት በ69 ዓመቱ ሲያሸንፍ የነዳው የዚያኑ ጋራዥ 911 ነበር። ደህና አዘጋጅ መክፈል የቻለ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሆኖም ገንዘብ ብቻውን ዋንጫ አያነሳም። ኬንያዊው ኢያን ደንከን በ2009 በፎርድ ማስታንግ፣ በ2013 ደግሞ በፎርድ ካፕሪ መጥቶ ከአውሮፓ የመጡትን ፖርሾች ጥሎ ሄዷል። የአገሩን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከነመኪናው ሲታመን እንዲህ ነው።

እውነተኛው አደጋ ያለው ከሻንጣው ክብደት ሳይሆን ከሕጉ ላይ ነው። ውድድሩ ተርቦ የሌላቸውንና በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱትን የድሮ መኪኖች መርጦ ማስገባቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የዛሬ አሞርዛተር የ1970ዎቹን አሞርዛተር ያስንቃል። የዛሬ ካምቢዮና የዛሬ ፍሬንም እንዲሁ። እነዚህ አንድ በአንድ በጓሮ በር ከገቡ የሚቀረው የድሮ የሆነው ቆርቆሮው ብቻ ነው። አሮጌ ቆዳ የለበሰ አዲስ መኪና ይሆናል። ያኔ የዋልደጋርድ 37 ዓመት ምንም ትርጉም አይኖረውም፤ ምክንያቱም በ1974 የተሸነፈውና በ2011 ያሸነፈው አንድ መኪና ነው ማለት አይቻልምና።

ስለዚህ አዘጋጆቹ መስመሩን ጥንካሬ ላይ ማስመር አለባቸው። ብየዳው፣ ጋሻው፣ የብረት ቀፎው፣ ወንበሩና ቀበቶው የሰውና የመኪና ነፍስ ያድናሉና ይፈቀዱ፤ ማንም አይከራከርም። መኪናውን በዘመኑ ከነበረው ይልቅ የሚያፈጥነው ዕቃ ግን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በር ላይ ይቅር። ይህ ለድሃውም ተወዳዳሪ ይጠቅመዋል። የዘመኑን ዕቃ ከአውሮፓ ማስመጣት የማይችለው የናይሮቢ ሜካኒክ መበየድ ግን ይችላል።

ጉዳዩ የክላሲኩ ብቻም አይደለም። ዋናው ሳፋሪ በ2002 ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ሲመለስ በሰዓት የሚለካው ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ድሮ ቀንና ሌሊት በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚያስነዳው ፈተና፣ ሜካኒኩና ሾፌሩ እኩል የሚፈተኑበት፣ አሁን በክላሲኩ ውስጥ ነው ያለው። ዋልደጋርድ በ2014 በ70 ዓመቱ አርፏል። በቀጣዩ ውድድር ዋዜማ የቴክኒክ ተቆጣጣሪዎቹ ከኮፈኑ በፊት ጎማውን አስፈትተው ከኋላው ያለውን አሞርዛተር ቢያዩት ጥሩ ነው።