አብሮ ማደርና አብሮ መማር

ልጅ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚገባበት ዓመት የሚያገኘው ጓደኛና የሚይዘው ልማድ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚከተለው መሆኑን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከትምህርት ዘመን ሁሉ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጀመሪያው ዓመት ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ግን ባለቤት የሚያንሰው ይኸው ዓመት ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ2012 ዓ. ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በቀጥታ ወደ ሙያው ክፍል አይገባም። አስቀድሞ ከተፈጥሮ ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ ወገን ሆኖ የጋራ የሆኑትን ትምህርቶች፥ ሎጂክን፥ ሥነ ልቡናን፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን መልክዐ ምድር፥ ሒሳብንና የእንግሊዝኛን ቋንቋ ይማራል፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው። ዐሳቡ መልካም ነው፤ ዕውቀቱ ሳይሰፋ ሙያ እንዳይዝ ይረዳዋልና። ነገር ግን የሕክምና ተማሪ የሕክምና መምህራን፥ የእርሻ ተማሪም የእርሻ መምህራን አሉት፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ገና የማንም ክፍል ልጅ አይደለም። ቢቀር የሚጠይቀው፥ ቢደክም የሚያበረታው ማን እንደ ሆነ በውል አይታወቅም።

የነገሩን ክብደት በአምቦ መመልከት ይቻላል። የምዕራብ ሸዋ ዋና ከተማ የሆነችው አምቦ በማዕድን ውሃዋ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤቷም የታወቀች ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ. ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ፥ አሁን ከአምቦ ሌላ በጉደርና በወሊሶም ግቢ አለው። ተማሪዎችን የሚደለድለው የትምህርት ሚኒስቴር ስለ ሆነ የጎንደር፥ የሆሳዕናና የጅግጅጋ ልጅ ወደ አምቦ ይመጣል፤ የጌዶ፥ የጊንጪና የባኮ ልጅም በተራው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ውጭ አድረው የማያውቁ፥ የሚደርሱበትንም ከተማ ቋንቋ የማይሰሙ ናቸው።

እንዲህ ያለው ልጅ ቀን በብዙ ሕዝብ መካከል ተምሮ፥ ማታ ከማያውቃቸው ጋር በተደራራቢ አልጋ ሲተኛ፥ የሚጠጋው ቋንቋውን ወደሚናገር ብቻ ይሆናል። መጠጋቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሌላ መጠጊያ አለማግኘቱ ነው። ክፉ ወሬ በተሰማ ጊዜ ሰው የማያውቀውን ጎረቤት ለመጠርጠር ይፈጥናል። በ2012 ዓ. ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ሁከት፥ ለመማር የሄዱ ልጆች ሕይወታቸውን ማጣታቸውና ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ወላጆቻቸው መመለሳቸው የሚረሳ አይደለም። ለዚህ በሽታ ዘበኛ ማብዛት ብቻውን መድኀኒት ሊሆን አይችልም።

መድኀኒቱ ማደሪያውን ከትምህርቱ ጋር ማስማማት ነው። ይኸውም በአንድ ክፍል የሚማሩት በአንድ ሕንፃ እንዲያድሩ፥ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡትም በየክፍሉ እንዲቀላቀሉ ማድረግ፤ ለእያንዳንዱም ክፍል አንድ መምህርና ከላይኛው ዓመት የተመረጡ ተማሪዎች መመደብ ነው። የወንዶችና የሴቶች ማደሪያ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ሁሉም በሳምንት ሁለት ማታ በመማሪያ ክፍላቸው ተሰብስበው ትምህርታቸውን ቢከልሱ ይበቃል። የሚማሩት ትምህርት አንድ ነውና፥ በሒሳብ የበረታው በቋንቋ ለበረታው፥ በቋንቋ የበረታውም በሒሳብ ለበረታው ያስረዳል። ለዚህ ዐዲስ ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም፤ የአልጋውን ድልድል በትምህርት ክፍል ማድረግና የመምህሩን ድካም ከሥራው መቁጠር እንጂ።

ሥርዐቱ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስል የቅኔና የዜማ ቤቶችን ማስታወስ ይገባል። በእነዚያ ቤቶች ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ በጎጆ እያደረ፥ የቀደመው የኋለኛውን እያስቀጸለ፥ ከሩቅ አገር የመጣውም ከባልንጀራው ጋር ያለችውን እየተካፈለ ተምሯል። በአሜሪካም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አሌክሳንደር ሚክልጆን ከ1927 እስከ 1932 እ. ኤ. አ. ወጣቶችን በአንድ ማደሪያ አስቀምጦ አንድ ዐይነት ትምህርት በኅብረት አስተምሯል። ያ ኮሌጅ ከአምስት ዓመት በላይ ባይቆይም፥ ዐሳቡ በኋላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ሰዷል።

ይሁን እንጂ ተማሪን በቡድን ማደራጀት ቀድሞም ተሞክሮ ነበር፤ አንድ ለአምስት የሚባለው ምን ፍሬ አፈራ የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ለአምስት ከላይ በትእዛዝ የወረደ በመሆኑ፥ ብዙ ተማሪ ከመማሪያነቱ ይልቅ መቈጣጠሪያነቱን አይቶ ሸሽቶታል። ስለዚህ አዲሱ ማኅበር የወሬ ጆሮ እንዳይሆን አጥብቆ መጠበቅ ያሻል። መምህሩ የሚጠየቀው ተማሪዎቹ ምን እንደ ተናገሩ ሳይሆን፥ ስንቶቹ ፈተናውን እንዳለፉና ስንቶቹ እንደ ቀሩ ብቻ ሊሆን ይገባል።

የከተማውም ሕዝብ ድርሻ አለው። የጎንደር ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን በቃል ኪዳን ቤተሰብነት ተቀብለው በዓል አብረው እንዲውሉ ማድረጋቸው የሚመሰገን ነው። የአምቦ፥ የጉደርና የወሊሶ ነዋሪም እንግዳ መቀበልን ከማንም የሚማር አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ሰውና ሰውን ቢያገናኝ በሩን እንደሚከፍት አያጠራጥርም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የመጀመሪያው ዓመት ችግር ለአንድ ብቸኛ ልጅ የሚያጐብጥ ሸክም ነው፤ አብረው ለሚያድሩና አብረው ለሚማሩ ግን የወዳጅነታቸው መጀመሪያ ይሆናል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች የሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ከበር ሳይደርሱ፥ የአልጋውን መዝገብ ከትምህርቱ መዝገብ ጋር አስተያይተው ይጠብቋቸው ዘንድ ይገባል። ልጁን አምኖ የላከ ወላጅ ከዚህ ያነሰ አይጠብቅም።