ለድመት መድኃኒት ስለሚሰጠው የፓተንት መብት

አእምሮውን አድክሞ፥ ገንዘቡን አፍስሶ ለዓለም የሚጠቅም አዲስ ነገር ያወጣ ሰው፤ ሌላው ሳይደክምበት ነጥቆ እንዳይነግድበት ሕግ ሊጠብቀው የተገባ ነው። ይህም ሐሳብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። የቬኒስ መንግሥት በ1474 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) አዲስ ብልሃት ላወጣ ሰው የ10 ዓመት ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አቆመ። የእንግሊዝም ምክር ቤት በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ለወደደው ሰው ያድለው የነበረውን የብቻ ንግድ ከልክሎ፤ አዲስ ሥራ ላወጣ ሰው ግን የ14 ዓመት መብት እንዲቀርለት ፈቀደ። አሁን ፓተንት የሚባለው መብት የነዚህ ዘር ነው፤ ዕድሜውም በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ሆኗል። እኛም በዚህ መብት ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን አዲስ ነገር የሚባለው የቱ ነው በሚለው ላይ ነው፤ ለዚህም ነገር ለድመት የደም ግፊት የሚሰጠው መድኃኒት ታሪክ መልካም ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል።

ድመትን ደም ብዛት ያማታልን? ብሎ የሚስቅ አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። አዎን፥ ያማታል። ድመት ስታረጅ ብዙውን ጊዜ ኵላሊቷ ይደክማል፤ ወይም በአንገቷ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ከልኩ በላይ ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት የደሟ ግፊት ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። የእንስሳት ሐኪሞች የላይኛው ልክ 160 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ በሽታ ነው፥ 180 ሲደርስም እጅግ የበረታ ነው ይላሉ። ነገር ግን ድመቲቱ ራሴን አመመኝ፥ ልቤ መታብኝ ብላ አትናገርም። ስለዚህ ጌታዋ በሽታውን የሚያውቀው አያሌ ጊዜ በአንድ ማለዳ ተነሥታ ከወንበርና ከግድግዳ ጋራ ስትጋጭ ሲያያት ነው። የደሙ ግፊት በዓይኗ ውስጥ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ከሥፍራው አላቅቆት፤ ማታ ስታይ የነበረች ድመት በነጋታው ዕውር ሆና ትገኛለች። እንዲሁም ልቧና አንጐሏ ይጐዳሉ፤ አስቀድሞ የደከመውም ኵላሊቷ ይብሱን ይደክማል። ይህ ሁሉ በቀን አንድ ጊዜ በሚሰጥ መድኃኒት ሊከለከል የሚቻል ነው፤ በጊዜው የተጀመረ እንደ ሆነ።

የፊተኛው መድኃኒት አምሎዲፒን ነው። ይህ ለሰው የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ ፋይዘር የሚባለው ኩባንያ አውጥቶት በአሜሪካ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንስሳት ሐኪሞች ለታመሙ ድመቶች እየሰጡ መረመሩት፤ ግፊቱንም እንደሚያወርድ ባዩ ጊዜ ያዩትን በሙያ መጽሔቶቻቸው አሳትመው ለሁሉ ገለጡት። ለሰው የተሠራውን የ5 ሚሊግራም ኪኒን ከስምንት ከፍሎ አንዱን ክፋይ ለአንዲት ድመት መስጠት የተለመደ ሥራ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. በማርች ወርም በአሜሪካ የፓተንትን ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት ፋይዘር በአምሎዲፒን ቤሲሌት ላይ የነበረውን ፓተንት አፈረሰው። የፍርዱም ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። መድኃኒቱን ቤሲሌት ከሚባለው ጨው ጋራ ማዋሐድ፤ በሙያው የሠለጠነ ሰው ይሠምርልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውም ሙከራ ድካም ያለበት ቢሆን አዲስ ፈጠራ አይባልም የሚል ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ቴልሚሳርታን ይባላል። ይህንንም ቦሪንገር ኢንገልሃይም የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለሰው ደም ግፊት አውጥቶት ሚካርዲስ በሚል ስም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ተሸጠ። በሰውነት ውስጥ አንጂዮቴንሲን የሚባል የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር አለ፤ መድኃኒቱም ያ ነገር የሚያርፍበትን ሥፍራ ቀድሞ በመያዝ ሥሩ እንዲላላ ያደርጋል። የመድኃኒቱ ፓተንት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ስላለቀ፤ ሌሎች ፋብሪካዎች እየሠሩ በርካሽ ዋጋ ለሰው ይሸጡት ጀመር። ያው ኩባንያ ግን ይህንኑ መድኃኒት በፈሳሽ አዘጋጅቶ ሴሚንትራ ብሎ ሰይሞ፤ በ2013 ዓ.ም. በኤውሮጳ ለድመት የኵላሊት በሽታ፥ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ለድመት የደም ግፊት አስፈቀደው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም ለድመት የደም ግፊት የፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው። ኩባንያውም እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ለድመት ስለ ማዋል የፓተንት ማመልከቻ አስገብቷል። እንግዲህ አንዱ መድኃኒት ለሰው ሲሆን ነጻ ወጥቶ፥ ለድመት ሲሆን አዲስ አጥር ይበጅለታል ማለት ነው።

ለኩባንያው የሚገባውን ምስጋና አንነፍግም። ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም። ሰው ለራስ ምታት የሚውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላታል፤ ጉበቷ መርዙን የሚያመክንበት ኀይል የለውምና። ስለዚህ ለሰው የበጀው ሁሉ ለድመት ይበጃል ብሎ በድፍረት መስጠት አላዋቂነት ነው። በመቶዎች የሚቈጠሩ ድመቶችን አሰባስቦ፥ እኩሌቶቹን በመድኃኒቱ፥ እኩሌቶቹን መድኃኒት በሌለበት ፈሳሽ እያነጻጸሩ መመርመር፤ መጠኑን፥ ጕዳቱን፥ ዘመኑን መመዝገብ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። መድኃኒቱንም ፈሳሽ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ለድመት ኪኒን ሊያውጥ የሞከረውን ሰው ክንዱን አሳየን ይበለው።

ዳሩ ግን ድካም ሌላ፥ ፈጠራ ሌላ ነው። በሰው ላይ የደም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት፤ ያው አንጂዮቴንሲን በደም ሥሯ በሚሠራባት በድመትም ላይ ሊያወርድ ይችላል ብሎ ማሰብ ለማንኛውም የእንስሳት ሐኪም የቀረበ ሐሳብ ነው። የቀረው ሥራ ስንት ሚሊግራም? ምን ያህል ቀን? ጕዳቱ ምንድር ነው? የሚለውን መመርመር ነው። በ2007 ዓ.ም. ስለ አምሎዲፒን ጨው የተፈረደው ፍርድ እውነተኛ ከሆነ፤ እኛም እውነተኛ ነው እንላለን፤ ሚዛኑ ለድመት ሲሆን የሚለወጥበት ምክንያት አይታየንም። በምርመራው ጊዜ ማንም ሊጠብቀው የማይችል ነገር ተገኝቶ እንደ ሆነ እርሱ ፓተንት ይገባዋል። የተጠበቀው ነገር እንደ ተጠበቀው ሆኖ መገኘቱ ግን የምርመራ ዋጋ እንጂ የፈጠራ ዋጋ የሚከፈልበት አይደለም።

ለምርመራውም የሚከፈል ሌላ ዋጋ በሕግ አለ። በአሜሪካ በ1988 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት መድኃኒት ሕግ፤ አንድ ኩባንያ ምርመራ አድርጎ ያስፈቀደውን መድኃኒት ሌላው በዚያ ምርመራ ተደግፎ እንዳያስፈቅድ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት 3 ወይም 5 ዓመት ይጠብቀዋል። በኤውሮጳ አንድነት ከጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብም ለውሻና ለድመት መድኃኒት የ10 ዓመት እንዲህ ያለ ጥበቃ ይሰጣል። ይህ ጥበቃ የደከመውን ሰው ድካም የሚክስ ነው፤ ሐሳቡን ግን ለማንም አያጥርም። ሌላው ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ምርመራውን ከመጀመሪያው ሊያደርግ ቢወድ አይከለከልምና። ለታወቀ መድኃኒት በአዲስ እንስሳ ላይ መዋል ይህ ዋጋ ይበቃዋል፤ 20 ዓመት በላዩ መጨመር ግን ከልክ ያለፈ ነው።

የሕግ ዐዋቂዎችም በዚህ ነገር ላይ ልባቸው ሁለት እንደ ሆነ ጽሑፋቸው ይመሰክራል። የኤውሮጳ የፓተንት ውል የሰውን ወይም የእንስሳን አካል የማከም ብልሃት ፓተንት አይሰጠውም ይላል፤ ሐኪም በበሽተኛው አጠገብ ቆሞ ፈቃድ ሊለምን አይገባውምና። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው የታደሰው ውል፤ የታወቀውን መድኃኒት ለአዲስ በሽታ ማዋልን በመድኃኒቱ ስም እንዲጠበቅ ፈቀደ። በፊት ለፊት የተዘጋው በር በጓሮ ተከፈተ ማለት ነው። በአሜሪካም በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ሐኪሞች በሕክምና ብልሃት ፓተንት እንዳይከሰሱ ጋሻ ሲሰጣቸው፤ አካል የሚለውን ቃል የሰው አካል ወይም ለሰው ሕክምና መማሪያና መመርመሪያ የሆነ እንስሳ ብሎ ስለ ተረጐመው፤ ድመትን ለድመቲቱ ብሎ የሚያክመው ሐኪም ከጋሻው ውጭ ቀረ። ይህ በመርሳት የሆነ ይሁን በማሰብ፤ ለእንስሳት ሐኪም የሚቈም ሰው እንዳልነበረ ያሳያል። የሕንድ ሕግ ግን የታወቀ መድኃኒት አዲስ ጥቅም ስለ ተገኘለት ብቻ ፓተንት አይገባውም ብሎ ቍርጡን ተናግሯል።

እስካሁን ያልነው ስለ ኩባንያና ስለ ሕግ ነው። ድመቲቱን የሚያገኛት መከራ ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። በኤውሮጳ አገሮች ደንብ፤ ለአንድ እንስሳና ለአንድ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት ካለ የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ እርሱን ማዘዝ አለበት፤ ለሰው የተሠራውን ሊያዝ የሚችለው የተፈቀደው በታጣ ጊዜ ነው። ዋጋው ተወደደ ማለት በዚህ ደንብ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቈጠርም። የደንቡ ሐሳብ ክፉ አይደለም፤ ላልተመረመረ ነገር የተመረመረውን ማስቀደም ነውና። ነገር ግን የምናየው ፍሬ ሌላ ነው። አምሎዲፒንም እንኳ በድመት ስም ተዘጋጅቶ ስለ ተፈቀደ፤ ለብዙ ዓመታት ከስምንት ሲከፈል የኖረው ርካሹ የሰው ኪኒን ወደ ኋላ ተገፋ። ደንቡ ብቻውን ቢሆን፥ ሌሎች አምራቾች ተወዳድረው ዋጋውን ባወረዱት ነበር። ፓተንቱም ብቻውን ቢሆን፥ ድኻው ወደ አሮጌው ኪኒን በተመለሰ ነበር። ሁለቱ በተጋጠሙ ጊዜ ግን በጡረታ ገንዘብ የምትኖር አንዲት አሮጊት የድመቷን የወር መድኃኒት መግዛት ሲያቅታት፤ ሐኪሙ ርካሹን መድኃኒት እያወቀው በመደርደሪያ ላይ ትቶት እጁን አጣጥፎ እንዲቆም ይገደዳል። ውጤቱም ሳትታከም የምትቀር ድመት ናት፤ እንዲህ ያለችውን ድመት ለመርዳት ደግሞ ፓተንቱም ደንቡም አንዳች አያደርጉም።

ይህ ግዴታ የማይቀር ነው የሚል ቢኖር አሜሪካን ይመልከት። በዚያ አገር በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሕግና የርሱ ደንብ፤ ለምግብ ላልሆነ እንስሳ የእንስሳት ሐኪም ለሰው የተፈቀደውን መድኃኒት በኀላፊነቱ ሊያዝ እንዲችል፤ የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፤ ፈቅዷል። ስለዚህ ሴሚንትራ በ2018 ዓ.ም. ከተፈቀደ በኋላም የአሜሪካ ሐኪም አምሎዲፒንን ከማዘዝ አልተከለከለም፤ መድኃኒት አዘጋጁም ኩባንያ በዚህ ምክንያት ገበያውን ጥሎ አልሸሸም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ያደርግለታል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፥ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቍጥር 123፤ ሰውንና እንስሳን የማከም ብልሃት ፓተንት እንዳይሰጠው ከልክሎ፤ በሕክምናው የሚያገለግለው ዕቃ ግን በክልከላው እንዳይነካ አድርጓል። የኤውሮጳው ክርክር እንግዲህ በዚህ አዋጅም ቃል ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ፓተንት ገንዘብ ወዳለበት የሚሄድ ዋጋ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር በአገራችን አናጣም። በግቤ፥ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆ ከብቱን የሚፈጀው ገንዲ ዛሬም የሚታከመው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በወጡት በዲሚናዚንና በአይሶሜታሚዲየም ነው። በሽታውም መድኃኒቶቹን እየለመደ ሄዷል። ለከብቱ አዲስ መድኃኒት ያወጣ ሰው ፓተንት እንደሚያገኝ የታወቀ ነው፤ ገበሬው የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው ግን ያ ተስፋ ማንንም አላስነሣም። ለከተማይቱ ድመት አሮጌው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ዋጋ ሲያወጣ፤ ለገበሬው በሬ አዲስ አንድ ጊዜም አልመጣም። ለድመቲቱ የተደረገውን አንነቅፍም፤ የፓተንት ዘመን ማርዘም ምርመራን ያበዛል ብለው የሚያስተምሩን ሰዎች ግን ይህን እንዲመልሱልን እንጠይቃለን።

እንግዲህ የፓተንት መርማሪዎች ለሰው የታወቀ መድኃኒት ለሌላ እንስሳ ነው ተብሎ ሲቀርብላቸው፤ በምርመራው ያልተጠበቀ ምን ተገኘ? ብለው አመልካቹን ይጠይቁት፤ መልስ ካጣም የምርመራውን ጥበቃ ይዞ ይሂድ። የኤውሮጳ አንድነት መንግሥታትም በደንባቸው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ይኸውም ለምግብ ያልሆነ እንስሳ ባለቤቱ የተፈቀደውን መድኃኒት ለመግዛት ባለመቻሉ ሳይታከም የሚቀር መሆኑን ሐኪሙ ባረጋገጠና በመዝገቡ ላይ በጻፈ ጊዜ፤ ለሰው የተፈቀደውን ያንኑ መድኃኒት በኀላፊነቱ ሊያዝ ይችላል የሚል ነው።