ጦርነት ፍቅርን ያደምቃልን?

ወጣቶቻችን እየተዋዋሱ ከሚያነቧቸው ልብ ወለዶች መካከል ባለፈ ዘመን ጦርነት ውስጥ የፍቅር ታሪክ የሚተርኩ ብዙ ናቸው። የችኮላ ስንብት፣ ከግንባር የሚላክ ደብዳቤ፣ ይመለስ አይመለስ የማይታወቅ እጮኛ... ለመሆኑ እነዚህ መጻሕፍት ልብን እንዲህ የሚስቡት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በሰላም ጊዜ ዛሬ ያልተነገረ ቃል ነገ ይነገራል። ጦርነት ግን ነገን ያጠራጥራል፤ ስለዚህም ተራው ስንብት እንኳ የመጨረሻ ሊሆን ስለሚችል ክብደት ያገኛል። ደራሲውም ሁለቱን ወጣቶች የሚለያይ ምክንያት ፍለጋ አይደክምም። አንባቢውም «ይህ ፍቅር በእሳት ተፈትኗል» ብሎ ያምናል።

ይህ እምነት እውነት ነውን? በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱን እንመልከት። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውን ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስም ታትሟል። ታሪኩ የሚፈጸመው በጆርጂያ ግዛት፣ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና በተከታዮቹ ዓመታት ነው።

ብዙዎች ከመጽሐፉ የሚያስታውሱት አትላንታ ስትቃጠል የነበረውን ሽሽት ነው። እኛ ግን ሁለት ትዳሮችን ልብ በሉ እንላለን። ጦርነቱ ሲፈነዳ ስካርሌት የምትወደው አሽሊ ሌላ ሊያገባ መሆኑን ሰምታ፣ በእልህ ለቻርልስ እሺ አለች። በሁለት ሳምንት ተጋቡ፤ እርሱም ዘመተ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ የገደለው ግን ጥይት ሳይሆን ኩፍኝና ያስከተለው የሳንባ ምች ነበር። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጦርነት ካለቁት ወታደሮች አብዛኞቹን የጨረሳቸው በሽታ ነው።

ሌላው ትዳር ከሬት በትለር ጋር የተመሠረተው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ቤት ሞቅ ያለ፣ ገንዘብ የተረፈበት ጊዜ ነበር። ያን ትዳር ያፈረሰው መድፍ አይደለም፤ ኩራት፣ ያልተነገረ ቃል፣ በሌላ ሰው ላይ የቀረ ልብና የልጅ ሞት ሐዘን ነው። እንግዲህ ጦርነቱ ያቻኮለው ጋብቻ ፍቅር አልነበረበትም፤ ፍቅር የነበረበት ደግሞ በሰላም ቀን፣ በገዛ ቤቱ ጠፋ።

ሌላም ነገር አለ። የጦርነት ፍቅር ታሪክ የማንን እንባ ያሳየናል፣ የማንንስ ይደብቃል? በ1860 በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ልብ ወለዱ ግን የሚያለቅሰው የጌቶቹ ዓለም በመፍረሱ ነው። በዚያችው ጆርጂያ፣ በሳፔሎ ደሴት፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰደው ቢላሊ ሙሐመድ ይኖር ነበር። በዓረብኛ የጻፈው የፊቅህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ በእንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች ውስጥ ቢገኙ እንኳ ከአገልጋይነት አያልፉም።

ወላጆች ሆይ! መጽሐፉን ከልጅ እጅ መንጠቅ መፍትሔ አይደለም። አብራችሁ አንብቡና ጠይቋቸው፦ «ጦርነቱ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሁለቱ ምን ይነጋገሩ ነበር? እንጀራውን የጋገረችው፣ ጥጡን የለቀመው ማን ነው?» ወጣቶችም የወደፊት የትዳር ጓደኛችሁን በስንብት እንባ አትመዝኑ። የታመመን ማስታመም፣ ተቆጥቶ መታረቅ፣ የቤት ወጪን በሐቅ መተሳሰብ፣ እነዚህ ልብ ወለድ ብዙም የማይጽፋቸው ናቸው። ትዳር ግን የሚቆመው በእነዚሁ ነው።