«በመሐል የት ነበርሽ?»

ደባርቅ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ክፍተት አለበት። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የሰሜን ተራሮች እንግዳ ቀረ፤ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ጫኙ፣ የሆቴል አስተናጋጁ ቤቱ ገባ። በቀጣዩ ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ነሐሴ 2013 ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ የስንቱን ቤት ባዶ አደረገ። በዚያ ጊዜ ሥራ የፈታ ሰው ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ያው ጊዜው ነው» ተብሎ ይታለፋል። መታለፉም ተገቢ ነው። ሳይጠየቅ የማይታለፈው የወለደች ሴት ክፍተት ነው።

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን ማስረጃዎቿን በፕላስቲክ ክላሰር ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆና እስከ መጋቢት 2012 ሠርታለች። ከዚያ እስከ ጥር 2014 ምንም የለም። ከጥር እስከ ሰኔ 30 ዳባት ላይ በአንድ ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ ሆና በኮንትራት ተቀጥራለች፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ የመውለጃዋ ወር ደርሶ ነበርና አልታደሰላትም። ከዚያ እስከ 2016 አጋማሽ ደግሞ ባዶ ነው። ሁለቱም ክፍተቶች ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋሉ። ለሥራ ስትወዳደር የቅጥር ኮሚቴው የጠየቃት ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። «በመሐል የት ነበርሽ?» «ቤት ነበርኩ» ብላ አቀረቀረች። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ልጁን ማን ይይዝልሻል?» የሚል ነበር። አብሯት የተወዳደረው ወንድ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እሱን ግን ስለ ልጆቹ የጠየቀው የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣታል። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት አሠሪው ሊያሰናብታት እንደማይችልም ይደነግጋል። ለአባትየው የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ፈቃድ ማስረጃ ላይ ክፍተት አይፈጠርም። ሴቲቱ ግን የጊዜ ገደብ ባለው ኮንትራት የምትሠራ ከሆነ አሠሪው ማሰናበት ሳያስፈልገው ቀኑ ሲደርስ ዝም ማለት ይበቃዋል። በእኛ አካባቢ የፕሮጀክቱ፣ የሆቴሉና የአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

ቋሚ ሠራተኛዋም ቢሆን ፈተናው አይቀርላትም። ሴት ልጅ የወለደች እንደሆነ ክርስትናው በ80 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሕጉ 90 ቀን የሚተርፋት ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አትስጡ» ትላለች፤ ምክሩ የመንግሥት ምክር ነው። ይህን ለመፈጸም የምትፈልግ፣ ሞግዚት የመቅጠር አቅም የሌላት፣ እናቷም ገጠር ያሉባት ሴት ሥራዋን ከመልቀቅ ሌላ ምን ምርጫ አላት?

ልጅቷ «እትዬ፣ ልጅ ወለድኩ ብዬ ብጽፍ ይጥሉኛል፤ ሆቴሉ እስከ 2016 ሠርታለች ብሎ እንዲጽፍልኝ ልለምነው?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጣራል፤ ደመወዝ ባልተከፈለባቸው ወራት የተከፈለ ግብር አይገኝም። ሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘባት ሴት የምታጣው ያንን የሥራ መደብ ብቻ አይደለም፤ በእውነት የሠራችባቸው ዓመታትም ይጠረጠራሉ። ይልቅ «ከሐምሌ 2014 እስከ 2016 አጋማሽ በወሊድና ሕፃን በማሳደግ ምክንያት ሥራ ላይ አልነበርኩም» ብላ ከነቀኑ በአንድ መስመር ትጻፍ። የጤና ጣቢያ ማስረጃ፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ የባል ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ያንን የሚጠይቃት ካለም መስጠት የለባትም። የሠራችበትን ጊዜ በተመለከተ ግን አሠሪዎቿ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗንና ደመወዟን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ሊሰጧት የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ አንቀጽ 12 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ስትጠይቅ መለማመጥ የለባትም።

ከዚህ በላይ ማስረዳት የእሷ ሸክም መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት በወሊድ ምክንያት የተፈጠረ ክፍተት ነጥብ እንደማያስቀንስ እዚያው ሥር አንድ መስመር ይጨምር። ኮሚቴው የሂሳብ ሠራተኛ የሚቀጥር ከሆነ ሂሳብ ይፈትናት፤ ሁለት ዓመት ቤት የቆየ ሰው የረሳው ነገር ካለ ፈተናው ላይ ይታያል።

«ልጁን ማን ይይዝልሻል?» የሚለው ጥያቄም ቢሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲነሣ መልሱ የሚጠበቀው ከመሥሪያ ቤቱ ነው። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። የደባርቅና የዳባት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የፌዴራሉን አርአያ ተከትለው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅዳቸው ላይ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ፍራሽና የአንዲት ሞግዚት ደመወዝ ይያዙ።