ጠላን ስለ መመጠን

ሰው ለእንግዳው የሚያቀርበውን መጠጥ ኃይሉን አውቆና መጥኖ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ብዙ ሰዎች ግን ጠማቂዋን የሚያመሰግኑአት ጠላዋ ጠጪውን በቶሎ ሲያሰክር ነው። ይህ ምስጋና ልክ እንዳልሆነ፥ ልጆች ሆይ፥ ከአሁን ጀምራችሁ አስተውሉ።

አስቀድመን የጠላ ብርታት ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ጠማቂዋ ጌሾውን ወቅጣ በታጠነ ጋን ከውኃ ጋር ትጠነስሳለች፤ ጥቂት ቀን ቆይታም ቂጣና ብቅል ጨምራ ትደፈድፋለች፤ ከዚያም በኋላ እንኩሮ ትጨምርበትና ውኃ ሞልታ የጋኑን አፍ ትመርጋለች። ብቅል ማለት ተነክሮ ካቈጠቈጠ በኋላ ደርቆ የተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ እርሱም የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጠዋል። በዓይን የማይታየው እርሾ ደግሞ ስኳሩን ተመግቦ አልኮልና አየር ያወጣል፤ ጠላው ሲፈላ የሚንተከተከው ስለዚህ አየር ነው። መፍላት የሕያው እርሾ ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል።

እንግዲህ ብርታቱ ከጌሾ ነው የሚሉ ይሳሳታሉ። ጌሾ ምሬትን ይሰጣል፥ ጠላውም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ የሚያሰክረው አልኮል ግን ከእህሉ ስኳር የሚወጣ ነው። ስለዚህ የመረረ ጠላ ሁሉ ብርቱ አይደለም፥ ያልመረረም ሁሉ ቀላል አይደለም። ምላስ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ብርታቱ የሚታወቀው የእህሉና የብቅሉ ብዛት ከውኃው ጋር ሲመዛዘን ነው። ተራ ጠላ ብዙ ጊዜ ከመቶ እጅ ከ2 እስከ 4 እጅ አልኮል ይገኝበታል። ውኃው አንሶ ድፍድፉ በዝቶ የሚጠመቀውና የሚጣራው ፊልተር ግን ከመቶ እጅ 5 ወይም 6 እጅ ይደርሳል። ቅራሪ ደግሞ ጠላው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣ ስለ ሆነ ከሁሉ የቀለለ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እናስላ። አንድ ሰው ከመቶ 3 እጅ አልኮል ያለበትን ጠላ በቤቱ ሁለት ዋንጫ መጠጣት ለምዶአል እንበል። በሰርግ ቤት ሳያውቅ ከመቶ 6 እጅ ያለበትን ሁለት ዋንጫ ቢቀዱለት፥ የጠጣው አልኮል የአራት ዋንጫ ያህል ነው። በሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ ገደል ቢገባ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን? አይደለም፤ ያልነገረው አሳላፊም ተካፋይ ነው። ደግሞም ፊልተሩን በእኩል ውኃ ብናቀጥነው አንዱ ዋንጫ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱንም ለጠጣ ሰው ግን አልኮሉ ያው ነው። ውኃ አልኮልን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ቀጭን ጠላ ማቅረብ ንፍገት ነው፤ እንግዳንም መናቅ ነው» የሚሉ አሉ። እህል ለመቈጠብ ውኃ አብዝቶ «ፊልተር ነው» ብሎ ማቅረብ በእውነት ንፍገት ነው፥ ውሸትም ነው። ነገር ግን እንግዳው በደኅና እንደ መጣ በደኅና እንዲመለስ አስቦ መመጠን አክብሮት ነው። መመጠኑም ገና ሲጠመቅ ይሁን፤ ከፈላ በኋላ ውኃ የተጨመረበት ጠላ ጣዕሙ ይጠፋል፥ ፈጥኖም ይሆመጥጣል።

ቅራሪ ልጅን አይጐዳም ብለው ለልጆች የሚሰጡም አሉ። ቅራሪም ጥቂት ቢሆን አልኮል አለበት። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለ ሆነ ለአዋቂ ጥቂት የሆነው ለእርሱ ብዙ ነው፤ ገና በማደግ ላይ ያለውንም አእምሮ ይጐዳል። ስለዚህ ቢሰጡአችሁ በትሕትና «ውኃ ይበቃኛል» በሉ። በቤታችሁ ድግስ ሆኖ እንድታሳልፉ ብትታዘዙ ደግሞ፥ ከመቅዳታችሁ አስቀድማችሁ «ይህ ተራ ነው ወይስ ፊልተር?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ የነገረቻችሁንም ለእንግዳው ንገሩት።