ድመት በቤታችሁ ላላችሁ ሁሉ፦ ከጾሙ በፊት የቀረበ ማሳሰቢያ

ሁዳዴ ሊገባ ነው። ለ55 ቀን በብዙ ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይገባም፤ ገበታው ላይ የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ነው። ከገበታው በሚተርፈው የምትኖረው ድመትም አብራ ትጾማለች። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ያቺው ከስታ የከረመች ድመት በአንድ ቀን ጮማ፣ ዱለትና የዶሮ አጥንት ይወርድላታል። ሁለቱም ይጎዷታል። አንዲት ድመት በቀን የሚያስፈልጋት ምግብ የታወቀ ልክ አለው፤ ያ ልክ ከእኛ ትርፍራፊ ጋር ከፍና ዝቅ ሊል አይገባም። ያደገች፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ የሆናት ድመት ያላችሁ ሁሉ ይህን ከአሁኑ እንድታስቡበት አሳስባለሁ።

ውሻ ያገኘውን እየበላ ሊከርም ይችላል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ የምታገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰሉት ብቻ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗ ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ የልቧ ጡንቻም ይላላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ብዙ ድመቶችን ይገድል የነበረ የልብ ሕመም መነሻው የታውሪን እጥረት መሆኑን፣ ታውሪን ሲሰጣቸውም እንደሚያገግሙ አሳዩ። ፋብሪካዎች በድመት ምግብ ላይ ታውሪን መጨመር ያጠናከሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከካሮትና ከጎመን የምናገኘውን እሷ ከአትክልት ማውጣት አይሆንላትም። የአንድ ጾም ወራት ብቻውን ላያሳውራት ይችላል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብን፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት ስትደምሩ የዓመቱ እኩሌታ ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ ለግማሽ ዓመት ሽሮ ፍትፍት የሚቀርብላት ድመት የምትጎዳው እንዲህ ነው።

የነነዌ እንስሳትም ጾመዋል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አዎ፣ በትንቢተ ዮናስ የንጉሡ አዋጅ እንስሳትንም ይጨምራል። የሁዳዴ ጾም የታዘዘው ግን ለምእመናን ነው፤ ድመት ሥጋ መብላቷ የቤቱን ጾም አያፈርስም። ዕቃ ይነካካል ብለው የሚጨነቁ ጾመኞች ለድመቷ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ሳህን ለይተው ቢያስቀምጡ ነገሩ ያበቃል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከቅበላው በፊት ሥጋ ቀቅሎ በየዕለቱ ልክ ከፋፍሎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሊያኖር ይችላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ሥጋ ለማያገኝባቸው ቀኖች እንቁላል ይያዝ፤ ሳይበላሽ ይቆያል፣ ቀቅሎ መስጠትም ቀላል ነው። ቋንጣ ግን ጨውና በርበሬ ስላለበት አይሆንም።

በፍስክ ጊዜም ቢሆን ወጥ የድመት ምግብ አይደለም። ይህን በጣም አጥብቄ የምናገረው ጉዳቱ ስለማይታይ ነው። ወጣችን የሚቆመው በቀይ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በራሱም በበርበሬውም በንጥር ቅቤውም ውስጥ አለ። ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ይብሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ቀይ ሽንኩርት እንኳ ሊጎዳት ይችላል፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ይህ 20 ግራም ነው፣ ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። መቁላላትና መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚሰጠውም ይጠራቀማል። ድድዋ ሲነጣ፣ ሽንቷ ሲጠቁር፣ ሳትሮጥ ትንፋሿ ሲፈጥን ብዙ ሰው ሌላ በሽታ ይጠረጥራል፤ ሽንኩርቱን የሚያስታውስ የለም። ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በውኃ ማጠብም በቂ አይደለም። ለእሷ የታሰበው ሥጋ ቁሌቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይለይላት።

አሁን ወደ መጠኑ። 4 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ጤነኛ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ይበቃታል። ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የድመት ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ እንግዲህ የቀኗ ድርሻ ከ55 እስከ 65 ግራም ነው። በዓይን ሲታይ ጥቂት ይመስላል፣ ሰውም እያዘነላት ይጨምራል። ከልኳ በላይ በየቀኑ የሚጨመር 10 ግራም በዓመት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊያወፍራት ይችላል፤ ለእሷ አንድ ኪሎ የሰውነቷ ሩብ ነው። ስለዚህ በወጥ ቤት ሚዛን አንድ ጊዜ መዝኑና ልኩ የደረሰበትን ስኒ ወይም ጣሳ ላይ ምልክት አድርጉ። ከማሸጊያው ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አብዝቶ ይናገራል።

ቤት ውስጥ ቀቅላችሁ የምትሰጡ ከሆነ ጮማ ያልበዛበት የተቀቀለ ሥጋ ከ100 እስከ 120 ግራም የቀኗን ጉልበት ይሞላል። ጥሬው ሲሰላ በሳምንት አንድ ኪሎ ከትንሽ ነገር ይሆናል። ሥጋ በተወደደበት ዘመን ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምርጥ ብልት ግን አያስፈልጋትም፤ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፣ ሳንባ፣ የዶሮ ሆድ ዕቃና እሾሁ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣም ይሆናታል። ታውሪን ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ ከሥጋው ጋር ስጧት። ጉበት በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ በየቀኑ ጉበት የምትበላ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገቷ አጥንት እየተጣበቀ መዞር ያቅታታል። ሦስት የተቀቀለ እንቁላል የአንድ ቀን ጉልበት ይሰጣል፣ ለሳምንታት ብቻውን ግን ምግብ አይሆንም። ሥጋ ብቻውንም ካልሲየም ስለሚጎድለው፣ ዓመቱን ሙሉ በቤት ምግብ የሚቀልብ ሰው ምን መጨመር እንዳለበት የእንስሳት ሐኪም ይጠይቅ። ጥቂት እንጀራ ወይም ሩዝ ቢቀላቀል አይገድላትም፤ ዋናው ምግብ ሲሆን ነው ጉዳቱ።

ከልኳንዳ የመጣ ቅንጥብጣቢም ይቀቀል። ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተሕዋስ በዓይነ ምድሯ ልታወጣ ትችላለች፤ ይህ ለነፍሰ ጡርና ለፅንሷ አደገኛ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ የፋሲካ ዕለት ልጆችን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ወተት ለድመት ይጠቅማል የሚባለው ለአብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች አይሠራም፤ ሆዳቸው የወተቱን ስኳር ስለማይፈጨው ያስቀምጣቸዋል። አንድ ብርጭቆ ያልተናጠ ወተት 150 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፣ ከቀኗ ድርሻ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የምትጠጣው ንጹሕ ውኃ ነው፤ በተለይ ደረቅ ምግብ ለምትበላ።

ሌላው በጣም የተለመደው ስሕተት “ከጠገበች አይጥ አትይዝም” ብሎ ማስራብ ነው። ድመት የምታድነው ርቧት ብቻ አይደለም፤ አይጥ ሲንቀሳቀስ ካየች ጠግባም ትይዛለች። አንድ አይጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ በአደን ብቻ ለመኖር በቀን ሰባት ስምንት መያዝ አለባት። የተራበችዋ ግን ከግቢ ወጥታ ትንከራተታለች፣ መርዝ የበላ አይጥ ታነሳለች፣ ከእብድ ውሻ ጋር ትገናኛለች። ቤቱን ከአይጥ እንድትጠብቅ የፈለገ ሰው ጠዋትና ማታ በልኳ ይመግባት።

በከተማ፣ በተለይ በኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ይውላል፣ ድመቷም ከሶፋ ወደ መስኮት ብቻ ትመላለሳለች። እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና የመከነች ከሆነ የሚያስፈልጋት ጉልበት በሩብ ገደማ ሲቀንስ የመብላት ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። አባት ጠዋት ይሰጣታል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይሰጣታል፣ ሠራተኛዋ ስትጮህባት ትሰጣታለች፤ ማን ምን እንደሰጠ የሚያውቅ የለም። የቀኗን ድርሻ ጠዋት ለክታችሁ በአንድ ዕቃ አስቀምጡ፤ ማንም ይስጣት፣ ከዚያው ዕቃ ይሁን፣ ሲያልቅ አለቀ። የውፍረቱ መጨረሻ ስኳር በሽታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ያጠረ ዕድሜ ነው።

ልኩ ትክክል መሆኑን እጃችሁ ይነግራችኋል። ጣታችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ በሌላው እጅ ዳብሱት፤ አጥንቱ በስሱ ቆዳ ሥር ይሰማል። የድመቷም ጎድን እንዲሁ ሊሰማ ይገባል። እንደተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከጎረበጠ ከስታለች፤ እንደ መዳፍ ሥጋ ከለሰለሰና አጥንቱ ከጠፋ ወፍራለች። በወር አንድ ጊዜ በዘንቢል አድርጋችሁ መዝኗት፤ ወይም ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። እርጉዝና የምታጠባ ድመት ግን በዚህ ልክ አትገደብም፤ የምታጠባዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች፣ አትከልክሏት።

አሁን ከሁሉ ለሚበልጠው አደጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። ወፍራም ድመት በድንገት መራብ የለባትም። ለማክሳት ብሎ ምግቧን የሚያቋርጥ፣ ወይም ሌላ ምግብ አቅርቦ “ሲርባት ትበላዋለች” ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሊገድላት ይችላል። ለሁለትና ሦስት ቀን ሳትበላ ስትቆይ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ እየጎረፈ ጉበቱን ያንቀዋል፤ ዓይኗና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ካልታከመችም ትሞታለች። ስትቀንሱ በሐኪም ምክር ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ በሳምንት ከክብደቷ ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እጅ ብቻ ትቀንስ። ምግብ ስትለውጡም አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ አሸጋግሯት።

አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች፣ ውኃ እያበዛች ሽንቷም ከበዛ፣ ወይም ሳትታሰብ ከከሳች ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ወንድ ድመት እየተቀመጠ ሲያምጥ ሽንት ካልወጣው ነገን አትጠብቁ፤ ቱቦው ተዘግቶ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስትሄዱ የምግቡን ማሸጊያ፣ ክብደቷን የጻፋችሁበትን ወረቀትና ለመጨረሻ ጊዜ የበላችበትን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፤ ወጥ በልታ ከሆነም ሳትደብቁ ንገሯቸው።