ይድረስ ለአባ ዶቅዶቄ፣ ነቀምቴ

ጋሼ፣ ወገብዎ ተሻለው? ዝናብ ሲጀምር እንደሚያምዎት ስለማውቅ አስቀድሜ እሱን ጠየቅሁ።

ስምዎን እዚህ አልጽፍም፤ በአደባባይ ሲነሳ አይወዱም። የሰፈሩ ልጆች ባወጡልዎት ስም ግን ልጥራዎት። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የጅማውን ንጉሥ አባ ጅፋር ያሰኛቸው ፈረስ ነው። እርስዎን አባ ዶቅዶቄ ያሰኘዎት ሞተር ነው። ልጆቹ ለክብር ነው ያወጡልዎት፤ እኔም የምጠራዎት ለክብር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማር ይዤ መጥቼ "ለውለታዎ ነው" ስልዎት፣ "ምን አደረግሁልህና?" አሉኝ። ማሩን ባለቤትዎ ተቀበሉልኝ፤ ጥያቄዎ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ፊት ለፊት ብናገር እንደሚያቋርጡኝ ስለማውቅ መልሱን በጽሑፍ አደረግሁት፤ ሌላውም ሰው እንዲያነበው በግልጽ።

ሥራዬን ያውቃሉ፤ የእንስሳት ጤና ነው። ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርድ ሰው የሚሄደው ወደ ገንዲ አገር ነው። የቆላው ዝንብ ከብቱን ይነክሰዋል፤ ከብቱ ፀጉሩ ይቆማል፣ እየበላ ይከሳል፣ በመጨረሻ ከእርሻ መካከል ይተኛል። መድኃኒቱ በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ዱቄት ነው፤ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መውጋት ነው። የሚያስቸግረው በጊዜ መድረሱ ነው። በሬው በሰኔ ከወደቀ የዚያ ቤት ዓመት አብሮ ይወድቃል፤ ሰኔ ደግሞ የወለጋ ቀይ ጭቃ መኪና የሚያስቀርበት ወር ነው። በእኔና በገበሬው መካከል ያለችው አንዲት ሞተር ብቻ ናት።

የመሥሪያ ቤቱ ሞተር መለዋወጫ ስትጠብቅ ብትቆምብኝ፣ ዕቁብ በደረሰኝ ጊዜ ባለ 150 ሲሲ የህንድ ሥራ ሞተር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ነው የኖርኩት። ሽቅብ ላይ ትደክማለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። አንድ ቦታ ካንዴላ ቀየሩልኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ሌላ ካንዴላ ቀየሩልኝ። የት እንደሆነ አልናገርም። በሦስተኛው ነው ሰው ወደ እርስዎ ግቢ የመራኝ። ታፔላ የለውም፤ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ዱካ፣ በዘይት የጠቆረ ጣውላ።

ካንዴላውን ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ምን ይታይሃል?" አሉ። "ጥላሸት" አልኩ። "እንግዲያው ሞተርህን ያደከማት ረሃብ አይደለም፤ ያለ ልክ ጎርሳ ነው።" ከዚያ ቀጥለው ያሉኝን እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው በእርስዎ ቃል ነው የማስረዳው። ሞተር ቤንዚንን ብቻውን አታቃጥልም፤ ከአየር ጋር ቀላቅላ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ዝቅ ላለ አገር የተለካለትን ቤንዚን እዚህም ያንኑ ያፈስሳል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይተርፋል፤ የተረፈው በቅጡ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የአየር ማጣሪያዬ የበጋውን አቧራ ጠጥቶ እንደ ጡብ ደርቋል። ታዲያ ካንዴላ ቢቀያየር ምን ይፈይዳል?

ይህን ብለው ካቻቢቴውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"እኔ ልፍታው?" አልኩ።

"ሞተሯ የማን ናት?" አሉኝ።

ጋሼ፣ ሥራውን ፈጥነው ጨርሰው ገንዘብዎን መቀበል ይችሉ ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሰጡኝ። የካርቡራተሩን ሥር በገዛ እጄ ከፈትኩ፤ ቤንዚን የምታሾልከውን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አውጥቼ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ለወጥኩ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት አስነክቼ ጨምቄ መለስኩ። የአየሩን ብሎን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያዞርኩ የሞተሯ ድምፅ እስኪረጋ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳዳምጥ አደረጉኝ። ከ1,400 ሜትር በታች ወዳለው ወደ ዴዴሳ ስወርድ ካንዴላውን እየፈታሁ እንዳይም አስጠነቀቁኝ። ከነጣ ቤንዚን አንሷታል፣ ከጠቆረ በዝቶባታል፤ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ናት። ወለጋ ያደገ ሰው ይህን ቀለም አይስተውም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ደብተር እንድገዛ አዘዙኝ። ዘይት የቀየርኩበትን ቀን፣ ያለችበትን ኪሎ ሜትር፣ የነካሁትን ሁሉ እንድጽፍ። "የማትጽፈውን ትረሳዋለህ፤ ሞተሯ ግን አትረሳልህም" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቅዳሜዎች በደብተሩ ውስጥ አሉ። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ማጠብ፤ ሰው ከላይ አስቀምጦ ሁለት ጣት ያህል መላላቱን ማየት። ቫልቮላዎቹን ሞተሯ ሳትነሳ፣ በማለዳ ብርድ ብቻ መለካት፤ ክፍተታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከጭቃ መንገድ በኋላ የፍሬኑን ታምቡር ከፍቶ ማጽዳት፣ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት። ማደያ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ሲሸጥ፣ ወደ ታንከሩ ከማፍሰሴ በፊት በብርጭቆ ቀድቼ ማቆየት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ማጠራቀም። አንድ ጊዜ ጓሮ ልደፋው ስል "ቡናው ሥር ነው የምትደፋው?" ብለው የተቆጡኝን ቁጣ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ሲቆጡ አላየሁም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እርስዎ በኦሮምኛ እየነገሩኝ፣ እኔ በአማርኛ እየጻፍኩ፣ የምንነካካው ዕቃ ስም ግን ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። በሰኔ 1928 የጥቁር አንበሳ አርበኞች እዚሁ ነቀምቴ አጠገብ፣ ቦናያ ላይ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለዋል። ብረቱ ነደደ፣ ወራሪው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ፤ የቀረውን ቃል የእኛ ሰዎች ሙያ አደረጉት። እርስዎ ሙያውን ያገኙት በጭነት መኪና ረዳትነት፣ በነቀምቴና በአዲስ አበባ መካከል ባለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ እየተንከራተቱ እንደሆነ ነግረውኛል። "ማንም ፈቅዶ አላሳየኝም፤ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ በዓይኔ እየሰረቅሁ ተማርኩ" ያሉኝ ቀን ብዙ ነገር ገባኝ። እርስዎ ለሚጠይቅዎት ሁሉ ገልጠው የሚያሳዩት፣ ያኔ የተከለከሉትን ነው።

የካንዴላውን ጥርስ የበላሁበትን ቀን ያስታውሳሉ? ሞተሯ ሳትበርድ፣ በጣቴ ሳላስጀምረው፣ በቁልፍ ገፋሁት። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ቁልፉ ድንገት ሲቀለኝ ያደረግሁት ገባኝ። ዕንቅልፍ ሳይወስደኝ ነግቶ ሞተሯን እየገፋሁ መጣሁ። አጎንብሰው አዩት፤ ከዚያ "እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም በሰው ላንድሮቨር" አሉ። ቴስታታውን አውርደን ቶርኖ ቤት ወሰድነው፤ ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ያለው ቀለበት አስገቡለት። ሒሳቡን ግማሽ እርስዎ ከፈሉ። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ለምን ይከፍላሉ ብዬ ብከራከር፣ "ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤትም ኮሌጅም ገብቻለሁ፤ ተማሪ ያጠፋውን ግማሹን የከፈለ አስተማሪ ከእርስዎ ሌላ አልገጠመኝም።

ማሻሻልን በሚመለከትም ዓይኔን ገለጡልኝ። በከተማችን ብዙ ወጣት ሞተር አሻሻልኩ ሲል ማርሚታውን ቆርጦ ጩኸት ይጨምራል፣ መብራት ይደረድራል። ገንዘቡም የሰፈሩም ዕንቅልፍ ያሳዝነኛል። እርስዎ መጀመሪያ የጠየቁኝ "የት ነው የምትሄድባት? ምን ትጭናለህ?" ብለው ነው። ዳገትና ጭቃ ስልዎት የኋላውን የካቴና ጥርስ በቁጥር ከፍ ባለ ለወጥን፤ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ጉልበቷ ጨመረ፤ የአርጆን ዳገት የመድኃኒት ሣጥን ጭና ሳታቃስት ትወጣዋለች። ከአሮጌ ካላማዳሪ የቆረጥነውን ላስቲክ የፊተኛው ጭቃ መከላከያ ጫፍ ላይ በሁለት ብሎን አሰርን፤ ጭቃው ሞተሯ ላይ መለጠፉ ቀረ። በያጁ በፌሮ የሠራልን ዕቃ መጫኛ የክትባቱን በረዶ ሣጥን ልክ አድርጎ ይይዛል። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት፣ በዚያው ሰሞን አንድ የማውቀው ልጅ ለማርሚታ ካወጣው ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ አንስቶ እስከ መጋቢት በወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት መንገድ ላይ የቆመ ሰው ማንንም መጥራት አይችልም። አንድ ቀን ከዴዴሳ ማዶ፣ ከሰው መንደር ርቄ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰ። የሰዓቱን ሙቀት አስታውሳለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየቀለጠ እንደሆነ አስታውሳለሁ። ቀና ስል ደግሞ ከወራት በፊት እርስዎ "ይህቺን አትንካት፣ ቀኗ ይመጣል" ብለው ከዋናው ገመድ ጎን ለጎን ዘርግተው በፕላስተር ያሰሯት ትርፍ ገመድ እዚያው አለች። ጫፍና ጫፏን አገባሁ፣ ልኳን አስተካከልኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ በሬ ወጋሁ። የበሬዎቹ ባለቤቶች እኔን መረቁኝ፤ ምርቃቱ ግን የእርስዎ ነበር። እስከ ዛሬ አላደረስኩልዎትም ነበርና እነሆ፣ ይቀበሉኝ።

"ምን አደረግሁልህ?" ላሉት መልሱ ይህ ነው። እርስዎ የሚበሉት እኛ ስንበላሽ ነው፤ እኛን ግን እንዳንበላሽ አስተማሩን። ዘይት ለመቀየር፣ ካቴና ለማጥበቅ፣ ፍሬን ለማጽዳት በየሳምንቱ ወደ ግቢዎ ይመጣ የነበረው የልማት ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያ፣ ከጊምቢና ከነጆ የሚመጣው የቡና ሰብሳቢ ዛሬ ይህን ሁሉ በገዛ በረንዳው ይሠራዋል። ከእያንዳንዳችን ያገኙት የነበረው ገንዘብ ቀርቶብዎታል። ይህን ሳያስሉት የቀሩ አይመስለኝም፤ አስልተውት ነው የሰጡን። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ፣ የእርስዎን ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ፣ ለከባዱ ሥራ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ እለምነዋለሁ። ፒስተን ሲወርድ፣ ካምቢዮ ሲከፈት፣ የቆርቆሮውን ጥላ ያስታውስ።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለፈው ጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ግቢ ትመጣለች። መንገዷ ከእኔም ይከፋል። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴውን ስሰጣት "እኔ ልፍታው?" አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት ያውቃሉ።

ገለቶማ፣ ጋሼ። ሞተሯ 64,000 ኪሎ ሜትር አልፋለች፤ ፒስተኗ አሁንም ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው።

አክባሪዎ፣
የቅዳሜ ተማሪዎ